ቪዛው በማን ስም ነው?

ወደ ቡለቲናችን ዝግጅት ክፍል ከሚመጡት ጥያቄዎች መካከል አንዱ ከሁሉም ይበዛል። «ውጭ አገር ሥራ ተገኝቶልኛል፤ ቪዛም መጥቷል ይሉኛል፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም። የራሽኑን መቀነስ፣ የልጆቹን ዓይን፣ የሰውን ችግር የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ግን ቪዛ የሚባለው ነገር ስንት ዓይነት እንደሆነ፣ በተለይ ደግሞ የስደተኛ ካርድ የያዘ ሰው ሲወስደው ምን እንደሚከተል የምናውቀውን ሰብሰብ አድርገን ማቅረብ እንችላለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።

የኦምዱርማን የሻይ ቦታ ወሬ

ኦምዱርማን የኖረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ፀሐዩ በረድ ሲል ከሱቁ ዙሪያ ካሉት የሻይ ቦታዎች በአንዱ ባንበር ላይ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ፣ አንድ ሰው ጠጋ ይልና ስልኩን ያወጣል። ስልኩ ላይ በዓረብኛ የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ፎቶ አለ። «ቪዛ ነው፤ የቀረው ያንተ ስም ብቻ ነው» ይላል። ከመካከላችን ዓረብኛ የሚናገር ብዙ ነበር፤ የሚያነብ ግን ጥቂት። ስለዚህ ወረቀቱ ምን እንደሚል የምንሰማው ከዚያው ከሚሸጠው ሰው አፍ ነበር።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ ያ ሁሉ ሰው ተበተነ። ገሚሱ ወደ ገዳሪፍና ወደ ካሰላ፣ ገሚሱ በመተማ በኩል ወደ አገር ቤት፣ ገሚሱ ወደ ግብፅ ወጣ። ደላላው ግን አልጠፋም። ዛሬ ያው ፎቶ በዋትስአፕ ይመጣል። የካርቱም አየር ማረፊያ በጦርነቱ ከተዘጋ ወዲህም «መነሻህ ከፖርት ሱዳን ነው» ወይም «ከሱዋኪን በመርከብ ጅዳ ትሻገራለህ» ማለት ጀመረ። ቋንቋው ያው ነው፦ «ቶሎ በል፣ ቪዛው ሊቃጠል ነው።»

በቅርቡ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛ ወደ እኛ የመጣች አንዲት እህት ነበረች። ስሟ ይቆየን። ኦምዱርማን ውስጥ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ በጦርነቱ ሁለት ልጆቿን ይዛ እዚህ የደረሰች ናት። ደላላው «ኩዌት ጥሩ ቤት አለ» ብሎ ፎቶውን ልኮላታል። የጠየቃትን ገንዘብ ለመላክ የቀረቻትን የአንገት ወርቅ ልትሸጥ ነው። ዓረብኛ በደንብ የሚያነብ ወንድም ጠርተን ወረቀቱን አስነበብነው። አንብቦ ሲጨርስ አንድ ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ዚያራ ይላል እኮ» አለ።

ቪዛ ሁሉ አንድ አይደለም

ዚያራ ማለት ጉብኝት ነው። የጉብኝት ቪዛ የያዘ ሰው እንዲገባና ለተወሰነ ጊዜ እንዲቆይ እንጂ እንዲሠራ አልተፈቀደለትም። ቀኑ ካለቀ በኋላ ቤት ውስጥ ሲሠራ የተያዘ ሰው፣ ደመወዙ ባይከፈለውም እንኳ ከሳሽ ሳይሆን ተከሳሽ ነው የሚሆነው። ብዙ እህቶቻችን ለዓመት ሠርተው ደመወዝ ሲከለከሉ ፖሊስ ጋ መሄድ የሚፈሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የኡምራና የሐጅ ቪዛ ነው። ይህ ለጸሎት የሚሰጥ ነው። በዚህ ገብተው ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ለሥራ የቀሩ የአገራችን ልጆች ከድሮ ጀምሮ ብዙ ናቸው። ሁሉም ግን ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ያለ ኢቃማ፣ እየተሸሸጉ ነው የኖሩት። የዚህ መጨረሻ በኖቬምበር 2013 ታይቷል። መንግሥቱ የሰጠው የምሕረት ጊዜ ሲያልቅ አፈሳው ተጀመረና በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ቤት ተመለሱ። ከእነሱ ውስጥ የዓመታት ድካሙን ትቶ በለበሰው ልብስ ብቻ አውሮፕላን የተሳፈረ ስንት አለ!

ሦስተኛው እውነተኛው የሥራ ቪዛ ነው። ወረቀቱ ላይ «ዓመል» የሚል ቃልና የሥራው ዓይነት ይጻፋል። «ዓሚላ መንዚሊያ» የቤት ሠራተኛ፣ «ሳኢቅ» ሾፌር፣ «ራዒ» እረኛ ማለት ነው። የተጻፈው ሙያ ተራ ነገር አይደለም፤ የትኛው ሕግ እንደሚጠብቃችሁ የሚወስነው እሱ ነው። ለምሳሌ ኩዌት ውስጥ ሰዎች «ቪዛ 18» እና «ቪዛ 20» ሲሉ ትሰማላችሁ። 18 የግል ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ 20 የቤት ሠራተኛ ነው። በ20 የገባ ሰው ወደ ድርጅት ሥራ የመዛወር ዕድሉ ጠባብ ነው። ስለዚህ «በቤት ሠራተኛ ግቢና ከዚያ ሆቴል እናስገባሻለን» የሚል ደላላ እውነቱን እየነገራችሁ አይደለም።

አራተኛው ደግሞ ሰዉ «ፍሪ ቪዛ» የሚለው ነው። ስሙ ሲሰማ ደስ ይላል፤ ነፃ የሚያወጣ ይመስላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ የዚያ አገር ሰው በስሙ ቪዛ ያወጣና ይሸጠዋል። ገዢው ሲደርስ እዚያ ሰውዬ ጋ አይሠራም፤ ራሱ ሌላ ቦታ ፈልጎ ይሠራል። ለቪዛው ባለቤት ደግሞ በየጊዜው ይከፍላል። በሕጉ ግን ከተመዘገበበት አሠሪ ውጭ መሥራት ክልክል ነው። ስለዚህ ፍሪ ቪዛ የያዘ ሰው ኢቃማ ኪሱ ውስጥ ኖሮትም ሕገ ወጥ ሠራተኛ ነው። የቪዛው ባለቤት በተቆጣ ቀን «ጠፍቶብኛል» ብሎ ያመለክታል፤ ሳዑዲ የነበሩት «ሁሩብ» የሚሉት ይህንን ነው። ከዚያ በኋላ ኢቃማውም አይሠራም።

ካፊሉ ማን ነው?

ወደ ዓረብ አገሮች የሚወስደው የሥራ ቪዛ በአብዛኛው በአንድ ሰው ስም የተሰጠ ነው። ያ ሰው ካፊል ይባላል፤ ዋስ እንደማለት ነው። የመግቢያ ፈቃዱም፣ የመኖሪያ ፈቃዱም፣ የሥራው ፈቃድም ከእሱ ጋር የታሰረ ነው። እኛ አገር ሠራተኛ ከአሠሪው ጋር ሲጣላ ልብሱን ይዞ ይወጣል፤ ሌላ ቤት ይገባል። በከፋላ ሥርዓት ግን ከቤቱ የወጣ ሰው የመኖር ፈቃዱንም አብሮ ያጣል። «ማዳሟ ክፉ ከሆነች እለቃለሁ» የሚል ሐሳብ ይዞ መሄድ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ሁሉም አገር ግን እኩል አይደለም። ኳታር በ2020 ሕጓን አሻሽላ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር ፈቀደች። ከማርች 2021 ጀምሮም ለቤት ሠራተኞች ጭምር የሚሆን ዝቅተኛ ደመወዝ ወሰነች፤ 1000 የኳታር ሪያል ነው፤ ምግብና መኝታ አሠሪው ካላቀረበ ሌላ ይጨመርበታል። ኩዌት በ2015 ባወጣችው 68ኛ ሕግ ለቤት ሠራተኞች የሳምንት ዕረፍትና የዓመት ፈቃድ ደንግጋለች፤ የሥራ ሰዓቱ በቀን ከ12 እንዳይበልጥ፣ አሠሪው ፓስፖርት እንዳይዝም ተከልክሏል። ሳዑዲ ዓረቢያ በማርች 2021 ሥራ ላይ ያዋለችው ማሻሻያ የድርጅት ሠራተኛውን ሲመለከት የቤት ሠራተኞችን ውጭ አድርጓቸዋል። ሊባኖስ ደግሞ በ1946 የወጣው የሠራተኛ ሕጓ የቤት ሠራተኛን አያካትትም። በ2020 የአገሪቱ ኢኮኖሚ ሲወድቅ ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ደመወዝ ሳይከፍሉ በመኪና አምጥተው ቆንስላው ደጃፍ ላይ ያራገፏቸው ዓለም ያየው ነገር ነው።

ሕግ መኖሩና ሕግ መፈጸሙ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እሱን እናውቃለን። ቢሆንም የትኛው አገር፣ በየትኛው ቪዛ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ቢያንስ በምን ላይ ቆማችሁ እንደምትከራከሩ ታውቃላችሁ። «ዓረብ አገር» የሚባል አንድ አገር የለም።

የስደተኛው ልዩ ጣጣ

እስከዚህ ያልነው ማንኛውንም ሠራተኛ ይመለከታል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእኛ፣ የስደተኞቹ ነው። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡልን።

ቪዛ ባዶ አየር ላይ አይመታም፤ የሚያርፍበት ሰነድ ይፈልጋል። ደላላው በመጀመሪያ የሚለው «ፓስፖርት አለሽ?» ነው። የለኝም ስትሉት ሦስት ነገሮች ያቀርብላችኋል።

አንደኛው «ኤምባሲ ሄደሽ አውጪ» ነው። ቀላል ይመስላል። ግን የ1951 የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 1 ክፍል ሐ ላይ አንድ ሰው ስደተኛነቱ የሚያበቃባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። የመጀመሪያው፣ ሰውየው በፈቃዱ ተመልሶ በአገሩ መንግሥት ጥበቃ ሥር ሲገባ ነው። የአገርን ፓስፖርት ማውጣት ወይም ማሳደስ እንደዚህ ያለ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። ተቃራኒውን የሚያሳይ ምክንያት ካልቀረበ በቀር፣ «ጥበቃውን ፈልጎ ነው» ተብሎ ይገመታል። በግድ የሆነ፣ ወይም ለጋብቻና ለትምህርት ማስረጃ ሲባል የተደረገ ነገር በተለየ ዓይን ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ፓስፖርት አውጥቶ፣ በዚያም ተጉዞ፣ ሲመለስ «እኔ ስደተኛ ነኝ» ማለት ከባድ ክርክር ውስጥ ያስገባል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው ነው።

ይህ ስጋት እንዲያው የወረቀት ስጋት አይደለም። የቀድሞዎቹ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሱዳን ውስጥ ያዩት ነገር አለ። በደርግ ዘመን የተሰደዱት ኢትዮጵያውያን፣ የሸሹት መንግሥት በ1991 ስለወደቀ፣ ከማርች 1 ቀን 2000 ጀምሮ ስደተኛነታቸው እንዲያበቃ ተወሰነ። ያን ጊዜ ምክንያቱ የአገሩ ሁኔታ መለወጥ ነበር፤ የማንም ጥፋት አልነበረም። ሆኖም ካርዱ ዋጋ ሲያጣ ሰው ምን ያህል ባዶ እጁን እንደሚቀር የዚያን ጊዜ የነበረ ሁሉ ይመሰክራል። ሌላ ምክንያት ሳይኖር ያንኑ ካርድ በገዛ እጃችን እንዳንጥለው መጠንቀቅ አለብን።

ሁለተኛው ደላላ የሚያቀርበው «የሱዳን ፓስፖርት እናሠራልሻለን፣ ረቀም ወጠኒውም ይመጣል» የሚል ነው። ይህ በቀጥታ ወንጀል ነው። በሐሰት ስም የተጓዘች እህት እዚያ ብትሞት እንኳ አስከሬኗን በእውነተኛ ስሟ የሚፈልግ ቤተሰብ አያገኛትም።

ሦስተኛው፣ ደላላው ብዙ ጊዜ የማያነሳው፣ ሕጋዊው ነው። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ፣ በተለምዶ ሲ.ቲ.ዲ. የሚባለው ነው። በዚያው በ1951 ስምምነት አንቀጽ 28 መሠረት ስደተኛው በሕጋዊ መንገድ የሚኖርበት አገር የሚሰጠው ነው። ሱዳን በ1974 ስምምነቱን ተቀብላለች። ጥያቄው የሚቀርበው በስደተኞች ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት፣ ኮር በምንለው፣ በኩል ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ሁሉም ሰውም አያገኘውም። ስለዚህ ሰነድ ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው መመለስን ይመለከታል። ስምምነቱ ሰነዱን የሰጠው አገር፣ ሰነዱ እስከሚሠራበት ቀን ድረስ ባለቤቱን መልሶ የማስገባት ግዴታ አለበት ይላል። ነገር ግን ስምምነቱ ለሰነዱ የሚሰጠው ዕድሜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው፤ በልዩ ሁኔታ ደግሞ የመመለሻው ጊዜ እስከ ሦስት ወር ድረስ ሊያጥር ይችላል። የሁለት ዓመት ኮንትራት ፈርማችሁ የአንድ ዓመት ሰነድ ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ ኮንትራቱ ሳያልቅ መመለሻችሁ ያልቃል ማለት ነው። ሰነዱ ላይ ያለውን የመመለሻ ቀን ሳታዩ አትውጡ።

ሁለተኛው የተቀባዩ አገር ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኩዌት፣ ኳታር፣ ኤምሬትስ፣ ባህሬን፣ ኦማን፣ እንዲሁም ሊባኖስና ዮርዳኖስ የ1951 ስምምነት አባል አይደሉም። የስደተኛን የጉዞ ሰነድ እንዲቀበሉ የሚያስገድዳቸው ነገር የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከእነዚህ አገሮች በአብዛኞቹ ስደተኛ የሚባል መብት በሕጋቸው የለም። እዚህ ከአገራችሁ ሸሽታችሁ እንደመጣችሁ የሚያውቅ ፋይል አለ። እዚያ ፋይሉ የሚያውቀው የካፊሉን ስምና የፓስፖርቱን አገር ብቻ ነው። ከካፊሉ ጋር የተጣላ ሰው የሚባረረው ወደ ፓስፖርቱ አገር ነው፤ የሸሸበት ምክንያት አለቀ አላለቀ ማንም አይጠይቀውም። ከእኛ መካከል አገር ቤት መግባት ችግር የሌለበት ሰው ይኖራል። ለሌላው ግን ይህ የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነው።

በአገር ቤት በኩል ለሚሄዱ

«እኔ ወደ አገሬ ብመለስ አልፈራም፤ ከዚያ በሕጋዊ መንገድ ልውጣ» የሚል ሰው አለ። ይህ የራሱ መንገድ ነው፤ በደንብ ማወቅም ተገቢ ነው።

ኢትዮጵያ በኦክቶበር 2013 ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አግዳ ነበር። እገዳው የተነሣው በ2018 ነው። በመካከሉ በ2016 አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ፤ በ2021 በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሻለ። ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋርም በ2017 የሁለትዮሽ ስምምነት ተፈረመ። በዚህ ሕግ ሠራተኛው ዕድሜው 18 መሙላት አለበት፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፣ ኮንትራቱም በመንግሥት መጽደቅ አለበት። ጉዳዩን የሚይዘው ዛሬ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው።

ደላሎች የማይነግሯችሁ ዋናው ነገር የወጪው አከፋፈል ነው። በአዋጁ መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራና ለክትባት፣ ለልደትና ከወንጀል ነፃ ለመሆን ማስረጃ፣ ለብቃት ማረጋገጫና የመሳሰለውን ነው። ኢትዮጵያ በ1999 የተቀበለችው የዓለም የሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነትም የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይጠይቅ በመርህ ደረጃ ይከለክላል። እንግዲህ «የቪዛ ዋጋ ክፈይ» የሚል ሁሉ አሠሪው የሚከፍለውን ነገር ለእናንተ እየሸጠ ነው። ያቺ እህታችን በወርቋ ልትገዛው የነበረውም ይኸው ነው።

ይሁንና አንድ ነገር አይምታታባችሁ። ይህ ሁሉ ጥበቃ የሚሠራው ከኢትዮጵያ በሕጋዊ ኤጀንሲ፣ በጸደቀ ኮንትራት ለሚወጣ ሰው ነው። ከኦምዱርማን ወይም ከገዳሪፍ በደላላ ተነሥቶ በፖርት ሱዳን የሚወጣውን ሰው አያካትተውም። «አዲስ አበባ ቢሮ አለን፣ እናንተ ግን ከዚሁ ነው የምትወጡት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቢሮው ቢኖርም ለእናንተ ምንም አይፈይድም።

ሌሎች በሮች

እንዲህ ከሆነ ለስደተኛ የተከፈተ በር የለም ወይ? አለ፤ ጠባብ ነው እንጂ።

ቅርቡ እዚሁ ሱዳን ውስጥ መሥራት ነው። የ1974ቱም የ2014ቱም የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ ፈቃድ አውጥቶ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ችግሩ ሱዳን በስምምነቱ አንቀጽ 26 ላይ፣ ማለትም በነፃነት ስለመዘዋወር በሚለው ላይ፣ ተቃውሞዋን አስመዝግባ ነው የፈረመችው። ስለዚህ ከካምፕ ለመውጣት ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኦምዱርማን ሳለን ከሻ በመጣ ቁጥር ጀበናና ባንበር ጥለን የምንሮጠው የሥራና የመንቀሳቀሻ ወረቀት ስላልነበረን ነው። ወደዚያ ለመመለስ የምታስቡ ሰዎች ከመነሣታችሁ በፊት ኮር ጽሕፈት ቤት ስለ ሁለቱም ፈቃድ ጠይቁ።

ሩቁ ደግሞ ለባለሙያ ስደተኞች የተጀመረው መንገድ ነው። ካናዳ በ2018 ስደተኞችን በሙያቸው ለሥራ የምትቀበልበት ሙከራ ጀመረች፤ አውስትራሊያና እንግሊዝም በ2021 ተከተሉ። ልዩነቱን ልብ በሉ። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ስደተኛነቱ ታውቆ፣ ፓስፖርት የሌለው መሆኑም ታስቦበት ነው የሚሄደው፤ ቤተሰቡንም የሚያካትትበት ሁኔታ አለ። የሚጠይቀው ግን ብዙ ነው፦ የሥራ ልምድ፣ እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ፣ ከአሠሪ የሚመጣ የሥራ ጥሪ። ነርስ፣ የግንባታ ባለሙያ፣ ኮምፒዩተር አዋቂ፣ መካኒክ የሆነ ሰው ይሞክር። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ስለዚህ ዛሬ ክፍት የሆነው የትኛው እንደሆነ የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ። ለማንኛቸውም ምዝገባ ገንዘብ አይከፈልም። ከፍተኛ ኮሚሽኑም አብረውት የሚሠሩትም ለፎርም፣ ለቃለ መጠይቅም ሆነ ለሌላ አገልግሎት ምንም ገንዘብ አይጠይቁም።

በር እስኪከፈት ድረስ የሚሠራ ሥራ አለ። የትምህርት ማስረጃችሁን አትጣሉ፤ በፎቶ አንስታችሁ ለታመነ ሰው ላኩ። ከሠራችሁበት ቦታ፣ ትንሽም ቢሆን፣ የምስክር ወረቀት ጠይቁ። በካምፑ የሚሰጥ የሙያ ወይም የቋንቋ ትምህርት ካለ ልጆቻችሁን ብቻ ሳይሆን ራሳችሁንም አስመዝግቡ።

ሱቅ ሊቢያ

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ይጸጽተናል። የቪዛው ነገር አልሳካ ሲል ደላላው ፊቱን ያዞርና «እንግዲያው በሱቅ ሊቢያ በኩል» ይላል። ከኦምዱርማን በስተምዕራብ ያለውን ያን ገበያ የማያውቅ የለም። ዕቃና መኪና ብቻ ሳይሆን ሰውም ወደ በረሃ ሲጫንበት የኖረ ቦታ ነው። በዚያ መስመር ጥማት፣ እገታና የቤዛ ገንዘብ ምን እንዳደረሰ እናውቃለን። ኤፕሪል 2015 ሊቢያ ውስጥ በአክራሪዎች የተገደሉት የአገራችን ልጆችም ሥራ ፍለጋ የወጡ ነበሩ። ሱዳን በ2014፣ ኢትዮጵያም በ2020 ሰውን መነገድ በብርቱ የሚቀጣ ሕግ አውጥተዋል። በረሃው ላይ ግን ሕግ አይደርስም።

ከመፈረም በፊት

ውድ አንባቢዎች፣ ከላይ ያልነውን ሁሉ መሸምደድ አይጠበቅባችሁም። እነዚህን ጥያቄዎች ቆርጣችሁ ያዙ፦

1. ቪዛው የምን ዓይነት ነው? ዚያራ ነው፣ ዓመል? ከሻጩ ሌላ ሰው ያንብብልኝ።

2. የሚሄደው በየትኛው ሰነድ ነው? ሰነዱ የስደተኛ ካርዴን ያበላሽብኛል ወይ? (ይህን ደላላውን ሳይሆን የጥበቃ ክፍሉን፣ ፕሮቴክሽን የሚባለውን ጠይቁ። የምትነጋገሩት በምስጢር ነው።)

3. ካፊሉ ማን ነው? ሙሉ ስሙ፣ ከተማው፣ ስልኩ?

4. ኮንትራቱ በምገባው ቋንቋ ተጽፎ ቅጂው በእጄ ይገባል ወይ? ደመወዙ፣ የዕረፍት ቀኑ፣ የመመለሻ ትኬቱ ተጽፏል?

5. ገንዘብ የምከፍለው ለምንድን ነው? ደረሰኝ አለው?

6. ነገሩ ባይሳካ የምመለሰው ወዴት ነው?

ከዚህ ሌላ የሰነዶቻችሁን ቅጂ ለቤተሰብ ትታችሁ ሂዱ። የካርዱ ባለቤት ሳይገኝ ቆጠራ ከተደረገ ስሙ ሊሰረዝና የቤተሰቡ ራሽን ሊቀነስ ይችላል። ልጆች ትታችሁ የምትሄዱ ከሆነ በማን እጅ እንደሚቆዩ አስቀድማችሁ አስመዝግቡ። «ለጎረቤት አደራ ብያለሁ» ብቻውን አይበቃም፤ ያቺ ጎረቤትም ነገ የራሷ መንገድ ሊመጣ ይችላል።

እህታችንስ?

ለደላላው ደወለችለትና ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀችው። «ዚያራ የሚለው ለምንድን ነው?» ስትለው «እዚያ ስትደርሺ ይቀየራል» አላት። «ካፊሉ ማን ነው?» ስትለው «እሱን ምን ያደርግልሻል» አለ። «ባይሳካ የምመለሰው ወዴት ነው?» ስትለው ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አላነሣም።

እሷን አሸነፈች ብለን አንጽፍም። ወርቋ አልተሸጠም፤ ግን ኩዌትም የለም፣ ደመወዝም የለም። ዛሬ በረድፏ እንጀራ ጋግራ ለመሸጥ እየሞከረች ነው፤ የማገዶው ዋጋ ትርፉን ይበላባታል። «አንዳንድ ሌሊት ብሄድ ይሻል ነበር እላለሁ» ብላናለች። እውነቷን ነው። ሄደው ተሳክቶላቸው ለእናታቸው ቤት የሠሩ፣ እህት ወንድሞቻቸውን ያስተማሩ ልጆች አሉ፤ እኛም እናውቃቸዋለን።

ታዲያ አትሂዱ አንልም። የምንለው፣ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ የሆነውን ወሬ ሳይሆን ወረቀቱን አንብቡ ነው። ቪዛው በማን ስም እንደሆነ፣ በየትኛው ሰነድ ላይ እንዳረፈ፣ ቢበላሽ ወዴት እንደሚመልሳችሁ አውቆ የሚሄድ ሰው ቢያንስ የሚገባበትን ያውቃል። በእጁ ዓረብኛ ወረቀት ያለው ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ወደ ዝግጅት ክፍላችን ብቅ ይበል፤ የሚያነብ ወንድም አለን፤ ለማንበብም አያስከፍልም።